በስንኝ የምትሳደብ ጠንቋይ

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንዲት ጠንቋይ ነው። ሙሉ ስሟ ግረንቲልዳ ዊንኪባንየን ነው፤ የሚያውቋት ሁሉ ግን አሳጥረው ግረንቲ ይሏታል። ቆዳዋ አረንጓዴ፣ አፍንጫዋ ሹል፣ ጥርሷ የበሰበሰ፣ ወፍራምና ነገረኛ አሮጊት ናት። በመጥረጊያ ትበራለች፣ በጎላ ውስጥ ምን እንደሆነ የማይታወቅ ነገር ታማስላለች፣ ልጅ ትሰርቃለች። እስከዚህ ድረስ ያው የተለመደችው የፈረንጅ ተረት ጠንቋይ ናት። የሷ ልዩ ነገር አነጋገሯ ነው፤ አፏን ከከፈተች ቤት ሳትመታ አትዘጋውም። ስትዝት በስንኝ፣ ስትሳደብ በስንኝ፣ ስትሸነፍ እንኳ በስንኝ ነው።

ይህችን ሴትዮ የምናገኛት «ባንጆ-ካዙዊ» በሚባል የቪዲዮ ጌም ውስጥ ነው። ጌሙ በ1998 ለኒንቴንዶ 64 ወጣ። ተከታዮቹ በ2000፣ በ2003 እና በ2008 መጡ። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንደምጠራ ከወዲሁ ልንገራችሁ።

ጀግናው ባንጆ የሚባል የዋህ ድብ ነው። ጀርባው ላይ ባዘለው ቦርሳ ውስጥ ካዙዊ የምትባል ምላሰኛ ቀይ ወፍ ትኖራለች። ሁለቱም ደስ ይላሉ። እኔ ግን ከሁለቱ ይበልጥ የምትገርመኝ አሮጊቷ ናት። ለምን እንደሆነ አስቀድሜ ልናገር፤ ግረንቲ ከጨዋታው የመጀመሪያ እርምጃ አንስቶ እስከ መጨረሻው ከተጫዋቹ ጋር አብራ ትኖራለች። የብዙ ጌሞች ክፉ ገጸ ባሕርይ ከመንገዱ መጨረሻ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። ግረንቲ መንገዱ ራሷ ናት።

ይህን ከዚሁ ከእኛው ሰፈር በምታውቁት ነገር ላስረዳ። የጌም ነገር ሲነሳ ብዙዎቻችሁ ፊት የሚመጣው ፕሌይስቴሽን ቤትና የኳስ ጨዋታ ነው። እዚያ ቤት ገብቶ የወጣ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ፤ ሰውን የሚያናድደው የሚገባበት ጎል ብቻ አይደለም። አጠገቡ ተቀምጦ ጎሉን ያገባበት ልጅ አፍም ጭምር ነው። ያ ልጅ ካልተሳደበ፣ ካላሾፈ፣ «ተነስ፣ ተራህ አልቋል» ካላለ ጨዋታው ግማሽ ነው። ብቻውን ቤቱ ተቀምጦ ለሚጫወት ልጅ ግን ይህ ተሳዳቢ ከየት ይመጣል? «ባንጆ-ካዙዊ»ን የሠሩት ሰዎች ተሳዳቢውን ከጨዋታው ጋር አብረው ሸጡ።

ሠሪው ሬር የሚባል የእንግሊዝ ኩባንያ ነው። በ1985 ቲምና ክሪስ ስታምፐር የተባሉ ወንድማማቾች ያቋቋሙት ሲሆን፣ መቀመጫው ሌስተርሺር ውስጥ ትዋይክሮስ በምትባል የገጠር መንደር ነው። በ1994 «ዶንኪ ኮንግ ካንትሪ»ን አውጥተው ስማቸው ገንኖ ነበር። ቀጥለው «ድሪም» በሚል ስም ስለ አንድ ልጅና ስለ ባሕር ወንበዴዎች ጌም ጀመሩ። ሥራው ተጓተተ፣ ልጁ ወጣ፣ በቦታው ድቡ ገባ፣ ጌሙም ለአዲሱ ማሽን፣ ለኒንቴንዶ 64፣ ተዛወረ። የንድፉ መሪ ግሬግ ሜይልስ፣ የሙዚቃው ደራሲ ግራንት ከርክሆፕ ነበሩ። በወቅቱ ሁሉም የሚመለከተው በ1996 የወጣውን «ሱፐር ማሪዮ 64»ን ነው። እዚያ ላይ ልዕልቲቱን የሚያግተው ባውዘር የሚባል ባላንጣ ነው፤ ግዙፍ ነው፣ እሳት ይተፋል፤ ግን በጠቅላላው ጨዋታ ፊት ለፊት የሚገጥመን ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። በቀረው ጊዜ ስለ ባውዘር ማሰብ አያስፈልግም። የሬር ሰዎች የጨዋታውን አካሄድ ከማሪዮ ብዙ ወስደዋል። ባላንጣውን ግን በራሳቸው መንገድ ሄዱበት።

ታሪኩ የሚጀምረው ከጎላ ነው። ግረንቲ ዲንግፖት የሚባል የሚናገር ጎላ አላት። በዓለም ላይ ከሁሉ የምታምረው ማን እንደሆነች ትጠይቀዋለች። ጎላው የሚመልሰው እሷ የምትፈልገውን አይደለም፤ የባንጆ ታናሽ እህት ቱቲ እንደምትበልጣት ይነግራታል። ግረንቲ መጥረጊያዋን አስነስታ ትወርዳለች። በዚያ ሰዓት ባንጆ ቤቱ ውስጥ ተኝቶ ያንኮራፋል፤ ቱቲ ደጅ ላይ ቦትልስ ከሚባል ዓይነ ደካማ ፍልፈል ጋር ታወራለች። ጠንቋይዋ ልጅቷን አፈፍ አድርጋ ትሄዳለች። ዓላማዋ ክለንጎ የሚባለው ጎባጣ አሽከሯ ባዘጋጀው ማሽን የቱቲን ውበት ወደ ራሷ ማዛወር ነው።

ተረቱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ስኖው ዋይት ናት። የግሪም ወንድማማቾች በ1812 ባሳተሙት የመጀመሪያ እትም ላይ በመስታወቱ መልስ የምትቀናው ሴት የልጅቷ ወላጅ እናት ነበረች። በ1819 እትም ግን እንጀራ እናት አደረጓት፤ ወላጅ እናት እንዲህ ስትጨክን ማንበብ ሳይከብድ አልቀረም። ዲዝኒ በ1937 ወደ ፊልም ሲቀይረው ንግሥቲቱ ልጅቷን ለመግደል ስትል የራሷን ውበት ጥላ አስቀያሚ አሮጊት ትሆናለች። ግረንቲ ይህን ገልብጣዋለች። ከመጀመሪያው አስቀያሚ ናት፤ አስቀያሚነቷንም ትኮራበታለች። ስለ ሽታዋ፣ ስለ ጥርሷ፣ ስለምትበላው ነገር ያለ እፍረት ታወራለች። እንዲህ ያለች ሴት የሌላ ሰው ውበት ምን ያደርግላታል? ጌሙ መልሱን በቀጥታ አይነግረንም። እኔ እንደሚመስለኝ የጎዳት ነገር አለማማሯ አይደለም፤ በገዛ ቤቷ፣ በገዛ ጎላዋ፣ ሁለተኛ ነሽ መባሏ ነው።

የቆዳዋ አረንጓዴነት ከሌላ ቦታ የመጣ ነው። ፍራንክ ባውም በ1900 «ዘ ዊዛርድ ኦቭ ኦዝ»ን ሲጽፍ የምዕራቧ ጠንቋይ አረንጓዴ አልነበረችም፤ አንድ ዓይን ያላትና ጃንጥላ የምትይዝ አሮጊት ነበረች። በ1939 ፊልሙ በቀለም ሲሠራ ማርጋሬት ሃሚልተን ፊቷን አረንጓዴ ተቀብታ ወጣች፣ ከዚያ ወዲህ የጠንቋይ መልክ በዚሁ ጸና። ሌላም ቅርብ ዘመድ አላት። በእንግሊዝ የልጆች ቴሌቪዥን ላይ ግሮትባግስ የምትባል፣ በካሮል ሊ ስኮት የምትተወን አረንጓዴ ወፍራም ጠንቋይ ነበረች፤ ጮክ ብላ የምትለፈልፍ፣ ልጆችን የምትጠላ፣ ልጆች ግን የሚወዷት። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በስሟ የሚጠራ ፕሮግራም ሁሉ ነበራት። ሁለቱን ጎን ለጎን ያያቸው ሰው እህትማማቾች ናቸው ቢል አልፈርድበትም።

እንግዲህ ወደ ቤቷ እንግባ። ዋናው ነገር ያለው እዚህ ነው።

የግረንቲ ዋሻ ከውጭ ሲታይ የራሷን ፊት አስመስሎ ተራራ ላይ የተቀረጸ ነው። ውስጡ እንደ ትልቅ ቤት በርና ኮሪደር የበዛበት ነው፤ ዘጠኝ ዓለማት ያሉት በእነዚህ በሮች ጀርባ ነው። ወደ አሸዋማው ዳርቻ ስትሄዱ በቤቷ አልፋችሁ፣ ወደ በረዶው ተራራ ስትሄዱ በቤቷ አልፋችሁ፣ ከረግረጉ ስትመለሱም ወደ ቤቷ ነው። ግድግዳው ላይ ሥዕሏ ተሰቅሏል፣ በየጥጉ ሐውልቷ ቆሟል። በየዓለሙ ደግሞ ፊቷ ያለበት ማብሪያ ተደብቋል፤ ያንን ረግጣችሁ ስትወጡ ቤቷ ውስጥ የሆነ ቦታ አዲስ ነገር ተከፍቶ ታገኛላችሁ። ወደ ላይ የሚያሳልፉት በሮች ላይ ቁጥር ተጽፏል። በየዓለሙ መቶ የሙዚቃ ኖታ አለ፣ በጠቅላላው 900 ነው፤ ወደ መጨረሻው ፍልሚያ ለመድረስ 810 ያስፈልጋል። በኒንቴንዶ 64 ቅጂ ላይ አንድ ዓለም ውስጥ ሰማንያ ኖታ ሰብስባችሁ ከሞታችሁ የሚመዘገብላችሁ ሰማንያው ብቻ ነው፤ ሌሎቹን ሃያ ለማግኘት መቶውንም ከአንድ ጀምራችሁ መልቀም አለባችሁ። ይህ ብዙ ልጅ ያስለቀሰ ሕግ ነው። በ2008 ጌሙ ለኤክስቦክስ 360 ተሻሽሎ ሲወጣ ተነሳ፤ ጥሩ አደረጉ።

እንዲህ ተበሳጭቶ ከአንዱ ዓለም የወጣ ልጅ ኮሪደሩ ላይ ሲራመድ ምን ያጋጥመዋል? የስክሪኑ ጥግ ላይ አረንጓዴ ፊት ብቅ ይላል። ግልጽ ቃል አይወጣትም፤ በዚህ ጌም ውስጥ ሁሉም ገጸ ባሕርይ የሚያሰማው ድምፅ የታወቀ ቋንቋ የሌለው ጉርምርምታ ነው፤ የሷ ደግሞ የሚያንቃርር ሳቅ የተቀላቀለበት ነው። ከሥሩ ሁለት መስመር ጽሑፍ ይነበባል፤ ስንኟ ከሁለት አትዘልም። አንዴ የድቡን መልክ ታንቋሽሻለች፣ አንዴ ወፏን ትነካካለች፣ አንዴ ደግሞ ስለ ራሷ ጉራ ትነዛለች። ግጥሙ በግጥምነቱ ከተመዘነ ተራ ነው፤ ቤት ለመምታት ስትል ቃል ትጎትታለች። ፉከራ ሰምቶ ያደገ ጆሮ ግን የሚሆነውን ወዲያው ይረዳል። ዛቻ ቤት ሲመታ ዛቺው በራሱ አፍ እየተደሰተ መሆኑ ይታወቃል፤ ተደስቶ የሚሰድብ ጠላት ተቆጥቶ ከሚሰድብ ጠላት የበለጠ ያቃጥላል።

ሌላም ጥቅም አለው። ሁለት መስመር ቤት የመታ ነገር ይሸመደዳል። ልጁ ሳይፈልግ ስድቡን በቃሉ ይይዘዋል፤ ቴሌቪዥኑ ከጠፋ በኋላ ድቡ ተረስቶ ጆሮው ላይ የሚቀረው የአሮጊቷ ስንኝ ነው።

ሙዚቃው ላይ ጥቂት ልቆይ። የዋሻው ዜማ አንድ ነው፤ የሚለወጠው ልብሱ ነው። ግራንት ከርክሆፕ ያንኑ ዜማ ለየበሩ በሌላ መሣሪያ ጻፈው። ወደ በረዶው ዓለም በር ስትጠጉ የገና ደወል ይገባበታል፣ ወደ በረሃው ስትጠጉ የምሥራቅ ቃና ይይዛል፣ ወደ መናፍስቱ ቤት ስትጠጉ ኦርጋን ይሆናል፣ ውሃ ውስጥ ስትጠልቁ ይለሰልሳል። ሙዚቃው አይቋረጥም፤ ሁሉም መሣሪያ በአንድ ጊዜ እየሄደ፣ ተጫዋቹ በቆመበት ቦታ መሠረት የአንዱ ድምፅ ሲቀነስ የሌላው ይጨመራል። ለ1998 ማሽን ይህ ብልህ ዘዴ ነበር። ለታሪኩ ደግሞ ሌላ ትርጉም ሰጠው፤ የትም በር ብትሄዱ ከሥር ያለው የሷ ዜማ ነው። ሌላ ዓለም ውስጥ ልትገቡ ስትሉ እንኳ ቤቷ ውስጥ መሆናችሁን ጆሯችሁ ያውቃል።

አሁን ስለ ቅጣቱ። በብዙ ጌሞች ስትሸነፉ ስክሪኑ ይጨልምና ሁለት ቃል ይጻፋል፣ በቃ። እዚህ ግን የጠንቋይዋን ድል ቁጭ ብላችሁ ታያላችሁ። ማሽኑ ይበራል፣ ክለንጎ መዘውሩን ይስባል፣ ጭስ ይወጣል። ግረንቲ ወጣት፣ ቀጭን፣ ዘናጭ ሆና ትወጣለች። ከሌላው በኩል ቱቲ ትወጣለች፤ አረንጓዴ፣ ያበጠች፣ የምታስፈራ ፍጡር ሆናለች። የበለጠ ክፋቱ የሚመጣው ቀጥሎ ነው። ይህ ትርዒት የሚታየው ሕይወት ሲያልቅባችሁ ብቻ አይደለም፤ የደረሳችሁበትን አስመዝግባችሁ በሰላም ስትወጡም ይመጣል። እናቱ ለራት የጠራችው ልጅ፣ ምንም ሳያጠፋ፣ ጨዋታውን ዘግቶ ሲነሳ እህቱን አስረክቦ ነው የሚሄደው። እንደ ልጅ አስባችሁ ፍረዱ፤ ነገ ከትምህርት ቤት ሲመለስ መጀመሪያ የሚሮጠው ወዴት ነው?

እስካሁን ያወራሁት እሷ እንዴት እንደምታየን ነው። እኛስ እሷን ምን ያህል እናውቃታለን? የጌሙ ትልቁ ብልሃት እዚህ ላይ ነው፤ ለዚህም ነው ረዘም አድርጌ የማወራው።

ግረንቲ ብሬንቲልዳ የምትባል እህት አላት። ይህችኛዋ ደግ ናት፣ የተረት ደግ መልአክ ትመስላለች፣ በትረ ምትሃት ትይዛለች። ዋሻው ውስጥ እዚህም እዚያም ትገኛለች። ስታገኟት ቁስላችሁን ትፈውሳለች፣ ከዚያ የእህቷን ጉድ ትዘረዝራለች። ግረንቲ ምን ዓይነት የጥርስ ሳሙና እንደምትጠቀም ትነግራችኋለች፤ ጨው የተነሰነሰበት ቀንድ አውጣ ጣዕም ያለው ነው፣ ወይም የሻገተ አይብ፣ ወይም የቱና አይስክሬም። ስለ ልጅነቷ፣ ስለ ውስጥ ልብሷ ሁሉ እንዲህ ያለ ወሬ አለ። መጀመሪያ ስትሰሙት ተራ ሐሜት ይመስላል። ብዙ ተጫዋች ቶሎ ቶሎ ቁልፍ እየተጫነ ያልፈዋል።

ያልፈውና መጨረሻው ላይ ዋጋውን ያገኛል። ወደ ላይኛው ፎቅ ስትደርሱ በእሳት ላይ የተዘረጋ ትልቅ የጥያቄ ሰሌዳ ይጠብቃችኋል። ግረንቲ የቴሌቪዥን ጥያቄና መልስ አዘጋጅ ሆና ቁጭ ብላለች፤ ቱቲ እንደ ሽልማት ከጎን ቆማለች። በየካሬው እየረገጣችሁ ትመልሳላችሁ። አንዱ ካሬ ሥዕል ያሳያችሁና ይህ የትኛው ቦታ ነው ይላል። ሌላው ድምፅ ያሰማችሁና የማን ነው ይላል። የራስ ቅል ያለበት ካሬ ላይ ከተሳሳታችሁ እዚያው ትሞታላችሁ። የግረንቲ ፊት ያለበት ካሬ ደግሞ የሚጠይቀው ስለ ራሷ ነው፤ ጥርሷን በምን እንደምትፍቅ። ያ ሁሉ ሐሜት ፈተና ሆኖ መጣ ማለት ነው። ከጓደኛ መኮረጅም አያዋጣም፤ ከሦስቱ መልሶች የትኛው ትክክል እንደሆነ ለእያንዳንዱ ጨዋታ ጌሙ በዕጣ ይመርጣል፤ የጎረቤት ልጅ ግረንቲ የሻገተ አይብ ብትጠቀም የእናንተዋ ቀንድ አውጣ ልትጠቀም ትችላለች። ስለዚህ ጠንቃቃ ልጅ እርሳስና ወረቀት ይዞ ነው ብሬንቲልዳን የሚያዳምጠው።

ይህን አንድ ጊዜ ቆም ብላችሁ አስቡት። ተጫዋቹ ጠላቱን ለማሸነፍ የጠላቱን ኑሮ ማጥናት አለበት። ሰሌዳው ላይ ጡንቻ ብቻውን አያዋጣውም፣ መዝለልና መብረር ብቻውን አያዋጣውም፤ የሚጠቅመው ይህችን ሴትዮ ማወቁ ነው። እስከማውቀው ድረስ ድቡ ስለሚወደው ምግብ የሚጠይቅ ካሬ የለም። ጥናቱ ሁሉ በሷ ላይ ነው። ልጆች ከጀግናው ይልቅ ባለጋራውን አብጠርጥረው የሚያውቁበት ጌም ብዙ የለም።

ሰሌዳውን ካለፋችሁ ቱቲ ትለቀቃለች፣ የሠሪዎቹ ስም ዝርዝርም መውረድ ይጀምራል። ያለቀ ይመስላል። ግን አላለቀም፤ ጠንቋይዋ አምልጣለች። ድቡና ወፏ ተመልሰው ይሄዳሉ፣ ማማው አናት ላይ ይገጥሟታል፣ እሷም በመጥረጊያዋ እየዞረች እሳት ስትወረውር ስንኟን አታቆምም። ጂንጆ የሚባሉት ፍጡራን ተረባርበው ከማማው ይጥሏታል፣ ትወድቃለች፣ በላይዋ ትልቅ አለት ይጫናታል። ክለንጎ ወርዶ አለቱን ለመግፋት ሲታገል እሷ ከሥር ሆና ስለ በቀል ታወራለች።

ከማድነቄ በፊት መናገር የነበረብኝ አንድ ቅሬታ አለኝ፣ ዘገየሁ። የግረንቲ ቀልድ ግማሹ ስለ ውፍረቷና ስለ መልኳ ነው። የሽንፈቱን ትርዒት የገለጽኩላችሁን አስታውሱ፤ ማሽኑ ውበት ሲያዛውር የሚያዛውረው ቅጥነትን ነው፤ ቱቲ የምትቀጣው ወፍራም በመሆን ነው። ይህ ቀልድ ነው፣ የዚያ ዘመን የእንግሊዝ ልጆች ቴሌቪዥን ቀልድ ነው የሚል መከራከሪያ አለ። አልቀበለውም። ቀልድ ነው ማለት ማን ላይ እንደተቀለደ መጠየቅን አያስቀርም፤ ሞላ ያለች የአሥር ዓመት ልጅ ያንን ትርዒት ስታይ ራሷን ከየትኛው ወገን እንደምታገኘው መገመት አያቅትም። ጌሙን የሚያድነው ነገር ካለ ግረንቲ ራሷ ናት፤ በሰውነቷ አታፍርም፣ የተሰደበችበትን ሁሉ ቀድማ በራሷ ስንኝ ትፎክርበታለች። ግን ያዳነው በከፊል ነው።

በ2000 «ባንጆ-ቱዊ» ወጣ። በታሪኩ ሁለት ዓመት አልፏል። በዝናብና በነጎድጓድ ሌሊት ባንጆ ቤት ውስጥ ጓደኛሞቹ ካርታ ይጫወታሉ፤ ውጭ ክለንጎ እስካሁን ያንን አለት ይገፋል። ሚንጄላና ብሎቤልዳ የሚባሉ ሌሎች እህቶቿ በትልቅ መቆፈሪያ ማሽን መጥተው ያወጧታል። የምትወጣው ግን አጥንት ብቻ ሆና ነው፤ ሥጋዋ ከመሬት በታች ቀርቷል። እህቶቿ በስንኝ መናገሯ ስላሰለቻቸው እንድታቆም ያዝዟታል። ታቆማለች።

ከዚህ በኋላ ያለችው ግረንቲ ከበፊቷ ይበልጥ ጨካኝ ናት። ገና በመጀመሪያው ደቂቃ ድግምት ወርውራ የባንጆን ቤት ታፈርሳለች፣ ያን ምስኪን ፍልፈል ትገድላለች። የሌሎችን ሕይወት መጥጣ ሥጋ ለመልበስ ነፍስ የሚስብ ማሽን ትጠቀማለች። ሁለተኛው የጥያቄ ውድድር ላይ ተሸናፊዎቹ የገዛ እህቶቿ ናቸው፤ ያዳኗት እህቶቿ፤ ከላይ ከባድ ሚዛን ጥላባቸው ትጨፈልቃቸዋለች። በወንጀል ብዛት ከተቆጠረ የመጀመሪያዋ ግረንቲ ከዚህችኛዋ አጠገብ አትደርስም።

ግን የመጀመሪያዋን ያህል አታናድድም። ምክንያቱ አሁን ግልጽ የሆነላችሁ ይመስለኛል። በሁለተኛው ጌም ከዓለም ወደ ዓለም የምታልፉት በሷ ቤት አይደለም፤ ሰፊ የሆነ ደሴት ላይ ነው፣ እሷ ሩቅ ግንብ ውስጥ ተቀምጣለች። ኮሪደር ላይ ብቅ ብላ አትሰድባችሁም። ስትናገርም እንደማንኛውም ክፉ ሰው ነው የምትናገረው። ሰው መግደል አፍን አይተካም። ጌሙ በሌላ በሌላው ከመጀመሪያው ይሰፋል፣ ይረቃል፤ ጠንቋይዋ ግን ከተጫዋቹ ራቀች።

በዚያ ጌም ውስጥ ከሷ ይልቅ ልብ የሚነካው ክለንጎ ነው። በተያዘ ምላሱ «ስ»ን እየጎተተ የሚናገረው ያ ጎባጣ አሽከር ሦስት ጊዜ ይገጥማችኋል፣ ሦስቴም ይሸነፋል፣ በተሸነፈ ቁጥር እመቤቱ ትደበድበዋለች። በሦስተኛው ላይ ይበቃዋል፤ ትቷት ይሄዳል። አስቡት፣ ለሁለት ዓመት ሌት ተቀን አለት ሲገፋላት የኖረ ሰው ነው። ጥሏት ሲሄድ የሚመርጠው ሥራ ደግሞ የቪዲዮ ጌም መሥራት ነው፤ እንደ እኔ እምነት ከጌሙ ቀልዶች ሁሉ የተሻለው ይኸኛው ነው። የግረንቲ መጨረሻ ደግሞ የራስ ቅል ብቻ ሆኖ መቅረት ነው፤ ድቡና ጓደኞቹ ግንቡ አናት ላይ እንደ ኳስ ይጫወቱበታል።

የ2003ቱ ትንሽ ጌም ለጌም ቦይ አድቫንስ የተሠራ ነው፣ የግረንቲ መንፈስ በሮቦት ውስጥ ገብቶ ይመጣል፤ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም። ከዚያ በፊት፣ በመስከረም 2002፣ ማይክሮሶፍት ሬርን በ375 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶት ነበር። ስለዚህ የ2008ቱ «ነትስ ኤንድ ቦልትስ» የወጣው ለኤክስቦክስ 360 ነው። በዚህኛው የጌሞች ጌታ ነኝ የሚል አዲስ ገጸ ባሕርይ መጥቶ ድቡንና ጠንቋይዋን ያፋልማል፤ ለግረንቲ ቅል የብረት አካል ይሠራላታል። ጨዋታው መኪናና አውሮፕላን ገጣጥሞ መወዳደር ሆነ፤ ብልህ ሥራ ነው፣ የቀድሞዎቹ ጌሞች ወዳጆች ግን አልጠበቁትም ነበርና ብዙ ተቆጡ። ሲያልቅ ግረንቲ ተሸንፋ በዚያው ጌታ የጌም ፋብሪካ ውስጥ ሠራተኛ ትደረጋለች። ጉዞዋን ልብ በሉ፤ በመጀመሪያው ሥጋዋም ምላሷም ሙሉ ነበር፣ በሁለተኛው አጥንት፣ ከዚያ ቅል፣ ከዚያ ሌላ ሰው በሠራላት ብረት ላይ የተተከለ ራስ። ቤቷም በዚያው ልክ አነሰ፤ መጨረሻ ላይ ተቀጣሪ ሆነች።

ከዚያ ወዲህ በተከታታዩ አዲስ ጌም አልወጣም። በመስከረም 2019 ግን ኒንቴንዶ ባንጆንና ካዙዊን «ሱፐር ስማሽ ብራዘርስ አልቲሜት» በሚባለው የፍልሚያ ጌሙ ውስጥ አስገባቸው፣ የሚፋለሙበትንም መድረክ ከመጀመሪያው ጌም መነሻ ቦታ ቀዳው። ከመድረኩ ጀርባ ግረንቲ በመጥረጊያዋ ታልፋለች። አዘጋጆቹ ከአራቱ ግረንቲዎች የቱን መረጡ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ የ1998ቷን ነው፤ አረንጓዴዋን፣ ወፍራሟን፣ ሙሉዋን።